ጋሽ እንድሪስና የእናቴ መታጠቢያ ቤት

የኮምቦልቻው ሴራሚክ ሠሪ ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሕመማቸው አጭር ነበር። እኔ ከደሴ ስደርስ ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ተቃርቦ፣ ግቢው እስከ መንገዱ ድረስ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። በሁለቱ ከተሞች እሳቸው ያነጠፉትን ወለል በየቀኑ የሚረግጡ፣ ማን እንደሠራው ግን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸውም ለእነዚያም ነው።

የተዋወቅነው የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዓመት ነበር። እናቴ ወይዘሮ ዘውዴ በደም ግፊት ድንገት ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ነፍሷ ብትተርፍም ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ቤታችን ደግሞ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ መጸዳጃውም መታጠቢያውም ከጓሮ፣ በድንጋይ ደረጃ ተወርዶ ነበር። ክረምት ላይ ያ ደረጃ ጤነኛውንም ያዳልጣል። እናም ወንድሜ ታደሰና እኔ እሷ ከሆስፒታል ሳትወጣ የዕቃ ቤቱን ክፍል መታጠቢያ ቤት ልናደርገው ተጣደፍን። ሥራ የሚያውቅ ሰው ስናፈላልግ ጋሽ እንድሪስን ጠቆሙን።

ከኮምቦልቻ በጧት ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ ክፍሉን ዞሩት። ከዚያ ሴራሚክ በጭቃ ላይ ቢለጠፍ ዕድሜ እንደማይኖረው፣ ጭቃው እርጥበት ሲጠጣ አብጦ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ አስረዱን። መጀመሪያ ከሲሚንቶ የተሠራ ሰሌዳ በእንጨቶቹ ላይ በብሎን መታሰር፣ ሴራሚኩም በሰሌዳው ላይ መለጠፍ ነበረበት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በደሴ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ታደሰ ሥራ ለማብዛት መስሎት ቅር አለው። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ካልፈለግን ሌላ ሰው ማሠራት እንደምንችል በትሕትና ነገሩን። እሺ አልን፤ ሥራውም ተጀመረ።

ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። ሰሌዳውን በሹል ብረት አንድ ጊዜ ይጭሩና በጉልበታቸው ተጭነው ቀጥ አድርገው ይሰብሩታል። የሚቆርጡት ሁልጊዜ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫቸውን በእርጥብ ሻሽ አስረው ነበር። የሰሌዳውን የታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ጣት ያህል ከፍ ያደርጉታል፤ ውኃ ከታች እንዳይስብ። በመጋጠሚያው ላይ መረብ አልብሰው ይለስኑታል። ውኃ ልኩን አስቀምጠው ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸውን የያዙ ይመስላሉ። ታዲያ ከሶላት በኋላ ሻይ ከዘገየባቸው ይነጫነጩ ነበር፤ ስኳሩም አራት ማንኪያ ካልሆነ ሻይ አይሉትም።

እናቴ ስትቀመጥና ስትነሣ የምትይዘው ብረት እንደሚያስፈልጋትም ያሰቡት እሳቸው ናቸው። ለዚያ ብለው ከቀኙ ሰሌዳ ጀርባ ወፍራም ሳንቃ አሰሩ። እኛ የነገርናቸው እግሯ መድከሙን ብቻ ነበር።

የቀረው ሴራሚኩን መጨረስ ብቻ ሲሆን እናቴ ከሆስፒታል ወጣች። ታደሰ ደግፎ ሲያስገባት ጋሽ እንድሪስ ከሥራቸው ቀና አሉ። በግራ እጇ የበሩን መቃን ጨምድዳ ይዛለች፤ ቀኝ እጇ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። አዩዋት። ሰላምታ ሰጥተው ስለ ጤናዋ ጠየቁና የልስን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወንበር አምጥተው ፈቃዷን ለመኑ፤

«እትዬ ዘውዴ፣ እዚህ ይቀመጡልኝና እጅዎ እስከሚደርስበት ግድግዳውን ይንኩልኝ።»

እናቴ ግራ እጇን ዘርግታ ነካች። በእርሳስ ምልክት አደረጉ። በዚያ በኩል ሰሌዳው ታስሮ፣ ተለስኖ፣ ሴራሚኩ እስከ ወገብ ድረስ ተለጥፏል። ከጀርባው ግን ሳንቃ አልነበረውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የገዛ ሥራቸውን ማፍረስ ጀመሩ። ታደሰ ተቆጣ። እናታችን እስከዚያው ጓዳ ውስጥ በባልዲ ልትታጠብ መሆኑን፣ ብረቱም እላዩ ላይ በብሎን ቢያዝ እንደሚበቃ ተናገረ። ጋሽ እንድሪስ መዶሻቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡት። ከዚያ እንዲህ አሉት፤

«ልጄ፣ ሰሌዳው ሴራሚክ ይሸከማል እንጂ ሰው አይሸከምም። እናትህን የሚይዛት ከኋላው ያለው እንጨት ነው። በየትኛው እጃቸው እንደሚይዙ ሳልጠይቅ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ያልነገርናቸው እኛ መሆናችንን ላስረዳ ሞከርኩ። አልተቀበሉኝም።

የተነቀለው ሰሌዳ ተሰብሮ ስለነበር ሌላ ያስፈልግ ነበር። በደሴ ፈልገን አጣን፤ ኮምቦልቻ የሸጠላቸው ነጋዴም ጨርሷል። በማግሥቱ ግን ጋሽ እንድሪስ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስወረዱ። ከየት እንዳገኙት ብጠይቃቸው፣ አልሐምዱሊላህ ተገኘ ከማለት በቀር አልመለሱልኝም። እውነቱን የሰማሁት ከዓመት በኋላ፣ ለዒድ ቤታቸው ሄጄ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋጡማ ነው። ለካ ሰሌዳው እሳቸው ከሶላት በፊት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉባትን ጠባብ ክፍል ሊያድሱበት ያስቀመጡት ኖሯል። ክፍሏን አሳዩኝ፤ ግድግዳዋ እንደተፋቀ ነበር። ጋሽ እንድሪስ እንደማፈር ብለው ወሬ ቀየሩ።

እናቴ በዚያ መታጠቢያ ቤት ስድስት ዓመት ተጠቅማለች። በሁለተኛው ክረምት አንድ ጧት ብቻዋን ገብታ እግሯ ከዳት። ድምፅ ሰምቼ ስሮጥ፣ በግራ እጇ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት፤ ጉልበቷ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። አቅፌ አስቀመጥኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ታደሰ ያን ዕለት ሥራውን ትቶ ኮምቦልቻ ወረደና ጋሽ እንድሪስን ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር አለኝ፤

«እጃቸውን ጎዳቸው?»

በለቅሶው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሴራሚክ ሥራ ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን ነገረችኝ። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ ከቢስቲማ ስትመጣ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች የሴት ሥራ አይደለም ብለው ሲስቁባት፣ ጋሽ እንድሪስ ግን የራሳቸውን ውኃ ልክ ሰጥተው አጠገባቸው አሠሯት። አሁን በራሷ ስም ሥራ ትቀበላለች።

ጋሽ እንድሪስ፣ በሕይወት ሳሉ አፍሬ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። እናቴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እግሯ ከከዳት ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጧት ጧት በጸሎቷ ልጆቿን በስም ስትጠራ፣ ከታደሰና ከእኔ ቀጥላ እርስዎን ትጠራ ነበር። «እንድሪስንም ጠብቅልኝ» ትላለች፤ እስክታርፍ ድረስ አንድ ቀን አልዘለለችዎትም። መጥቼ ልነግርዎ ስል ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። ይኸው አሁን ነገርኩዎ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ፤ ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።