የተኛ አይቀሰቀስም

እዚህ ኬንያ ሞያሌ፣ እኛ ወላጆች ተሰባስበን ባቋቋምናት መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹን ከአስተማሪዋ ጋር ሆነን የምንጠብቀው በየተራ ነው። ተራ ከደረሰ ሞቻለሁ ማለት እንኳ አይቻልም። የእኔ ተራ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ ከድንበሩ ማዶ ሽንኩርት ሳመላልስ ሰንብቼ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ልጆቹን ገንፎ አብልቼ ካስተኛሁ በኋላ እኔም ከልጄ ከሳሚራ ጎን ጋደም አልኩ።

ስነቃ ክፍሉ ባዶ ነው። ባሌ ሳሚራን አቅፎ በር ላይ ቆሟል።

«ምነው ቲቸር፣ ዝም አልሽኝ?» አልኳት አስተማሪዋን፣ እያፈርኩ።

«ደንባችን የተኛ አይቀሰቀስም ይላል።»

ጫማዬን አጥልቄ ልወጣ ስል መንገዴን ዘጋችና መዝገቡን ለባሌ ዘረጋችለት።

«አባ ሳሚራ፣ እዚህ የተኛ ሁሉ ቤተሰብ ሳይፈርምለት አይወጣም። ለልጅቷ ፈርመሃል፤ ለእሷም ፈርም።»

ባሌ ሳይስቅ ፈርሞ ተረከበኝ።