እህቴ ወዴት ታይ ነበር

ዛሬ ጂንካ ዳር፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ወፍ እንዲያባርሩ የተንጠለጠሉ ያረጁ ዲቪዲዎች ሲያብለጨልጩ አይቼ የእህቴ ሰርግ ትዝ አለኝ።

አባባ ለሥራ ካንጋተን ከተማ ሄዶ ጎርፍ መንገድ ስለዘጋበት ሰርጓን አላየም። እህቴ በወሊድ ከሞተች በኋላ የሰርጓን ዲቪዲ ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«አሁን ኬክ ቆረሱ፤ አሁን ይጨፍራሉ» እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

«የሚታየውንማ እኔም አያለሁ። የማይታየውን ንገሪኝ፣ ልጄ» አለኝ።

ጫማዋ የእኔ እንደነበረና ጠቧት ስታነክስ እንደዋለች ስነግረው እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ እህቴ ከሙሽራው ትከሻ በላይ አሻግራ ስትመለከት ታየች።

«ምን እያየች ነው?» አለኝ አባባ።

በሩን ነበር። «አባባ ይደርሳል» እያለች ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ካሜራውን ነው» አልኩት።

አሁን እሱም የለም። እውነቱን ስለነፈግሁት ልቤ ይወቅሰኛል፤ ብነግረውም ይወቅሰኝ ነበር።