የጉድጓዱ አሽታች

ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ «አሽታቿ» ይሏታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆዳ አጥባለች። የዝቃጩ ጉድጓድ በሚጠረግበት ቀን ግን ሥራዋ ሌላ ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ አጎንብሳ ታሸታለች። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሽው ካላት «ማንም እንዳይወርድ!» ትላለች፤ ማንም አይወርድም። ከዝቃጩ የሚወጣው ጋዝ ከዚህ በፊት ሁለት ሰው ገድሎ ነበርና። የጋዝ መለኪያ ይገዛል እየተባለ ስንት ዓመት አለፈ።

አንድ ሰሞን ደንበኞች መጥተው አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ በንዴት ጦፈና በየአዳራሹ የሚረጭ ፈሳሽ አስመጣ። ግማቱ ድራሹ ጠፋ። ሠራተኛው እፎይ ሲል እሷን ነገሩ አላማራትም። የፋብሪካውን ኬሚስት ጠየቀችው።

«አፍንጫሽ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ» አላት። «የቁልፍ ቀዳዳ በያቸው። ሽታው ቁልፉ ነው፤ ሲገባ ይከፍትና ወሬው ወደ አንጎልሽ ይሄዳል። ይኼ ፈሳሽ ቀድሞ ቀዳዳው ውስጥ ይሰነቀራል። እሱም አይከፍት፣ ሌላውንም አያስገባ።»

«ታዲያ ግማቱ የት ሄደ?»

«የትም። አንቺን ነው የዘጋሽ።»

በሩጫ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «ጌታዬ፣ ጉድጓዱ እስኪጠረግ እንኳ አይረጭ። አፍንጫዬ ተደፍኗል።»

«ዕድሜ ልክሽን በግማት ኖረሽ ንጹሕ አየር አሳመመሽ?» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊውም አብሮት ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ክዳኑ ተነሣ። ወራጁ ታናሽ ወንድሟ ነበር። አጎንብሳ አየሩን ደጋግማ ሳበች።

«እህስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም አይሸተኝም፤ ግን እኮ...»

«በቃ፣ አይሸትም ብላለች። ውረድ!»

ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «እንዳትወርድ!»

«እታለም፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?» አለና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ ወረደ። አራተኛው ደረጃ ላይ ቀና ብሎ አያት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደ ጆንያ ዱብ አለ። በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ትንፋሽ የለውም።

በአደጋው ሪፖርት ላይ «አሽታቿ ሽታ የለም ብላ አረጋግጣለች» ተብሎ ተጻፈ። ኬሚስቱ ስለ ፈሳሹ የነገራትን ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ «አላስታውስም» አለ። እሷም «ማሽተት የማትችል አሽታች ምን ትሠራልናለች?» ተብላ ተሰናበተች።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆመችባት። «አፍንጫሽ ለባዳ ሲሠራ ኖሮ በወንድምሽ ጊዜ ተደፈነ?»

ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከፋብሪካው በራቀች በሳምንቷ አፍንጫዋ ተከፈተ። በቦታዋ ሌላ ሴት መቀጠሯን ስትሰማ ልታስጠነቅቃት ሄደች። ዘበኛው ከበር መለሳት። «ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ፣ እናቴ። ሂጂ።»