በምርቃት የወሰድኩት ብር

መኪናው ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ነበር። ፈረንሳይ ሠራሽ ነው፤ ባለቤቴ ናይሮቢ በገባን በሁለተኛው ዓመት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው የገዛው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸራውን ይገልጥና ሞተሩን ያስነሣው ነበር። የትም አይሄድበትም። አሥር ደቂቃ ያህል ድምፁን አዳምጦ ያጠፋዋል። እኔ ጭሱ መጋረጃዬን አጠቆረው እያልኩ እጨቃጨቀው ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ሸራው ሥር ድመት ወለደች። ልጄ ደግሞ ግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል መሥራት ፈለገ፤ ስለዚህ መኪናው መነሣት ነበረበት። የሰፈሩ ፉንዲ፣ ባለቤቴን መኪና በመጠገን የሚረዳው ሰው፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከላቪንግተን አንድ ገዢ አመጣ። ነጭ ጺም ያለው፣ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። ለልብሱ ሳይሳሳ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ወጥቶ ወለሉን ዝገት እንደበላው በስዋሂሊ ነገረኝ፤ ጣቱንም ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። ስንት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ለአንዱ የልጅ ልጄ የአንድ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ጠራሁ። ሳይከራከር ከፈለኝ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። በዕድሜዬ ያየሁት የማይከራከር ገዢ እሱ ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ ዌስትላንድስ ቢሮ የምትሠራው የልጅ ልጄ ከሥራ ቦታዋ ነጻ ትኬት አግኝታ ወደ አሮጌ መኪኖች ትርዒት ወሰደችኝ። ሣር ላይ ተደርድረው ሰው እየዞረ ፎቶ ያነሣቸዋል። የእኛን በቀለሙ አላወቅሁትም፤ ጸሐይ የማያውቀው ይመስል አብረቅርቋል። ያወቅሁት ወደ ውስጥ ሳይ ነው። ባለቤቴ የለጠፈው የማርያም ሥዕል ተነሥቶ ከመሪው አጠገብ አራት ማዕዘን ምልክት ትቷል። መስተዋቱ ላይ የሽልማት ሪባን ታስሯል። የልጅ ልጄ መኪናውን ከሚጠብቅ ጎረምሳ ጋር አውርታ ተመለሰችና ወደ ሌላ መኪና ልትወስደኝ ክንዴን ያዘች።

“ስንት ያወጣል አለሽ?” አልኳት።

“ሾሾ፣ ተዪው።” አያት ማለቷ ነው።

“ንገሪኝ።”

ነገረችኝ። አንድ ክፍል አይደለም፣ ከነፎቁ ቤት ያሠራል።

በማግስቱ ከፉንዲው አድራሻውን ተቀብዬ፣ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይሬ ላቪንግተን ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ለሥራ ፍለጋ የመጣሁ መስሎት በኋላ በር በኩል ሊልከኝ ነበር። ሰውየው ግን ራሱ ወጥቶ አስገባኝ፤ ሻይ አስቀረበልኝ፤ በጨዋ ወግ ተቀበለኝ። መቆጣት የሚከብደው እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው፤ ቢሆንም ተቆጣሁ።

“ማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ?” አለኝ። “ዝገት አለበት አልኩ፤ ነበረበት። ዋጋውን የጠሩት እርስዎ ነዎት።”

“አላወቅሁማ።”

“እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ያወቅሁት ነው። ላወቅሁበት ዋጋ አይገባኝም?”

“ይገባሃል። የምታውቀውን ነግረኸኝ ድርሻህን መጠየቅ ትችል ነበር። አንተ ግን ዝም ብለህ ወሰድክ። ዝም ብሎ የወሰደም ሰርቋል።”

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አልተከራከረኝም፤ ገንዘብም አልጨመረልኝም። እስከ በሩ ሸኘኝና ባለቤቴ የተወው ሌላ አሮጌ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ነበር እንጂ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ አሮጌ ጠገራ ብሮች ነበሩ። ሰውየው ባይጠይቀኝ ኖሮ ትዝ አይሉኝም ነበር። ቤት እንደገባሁ ቆርቆሮውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሁለተኛ ማንም በዝምታ አይወስድብኝም ብዬ መማር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ጥፋት ነበር። ብሮቹ ጠቁረው ነበርና እናቴ የብር ጌጥ ታጸዳ እንደነበረው በሎሚና በአመድ ፈተግኋቸው። መስተዋት መሰሉ። በጨርቅ ጠቅልዬ ዌስትላንድስ አሮጌ ገንዘብና ቴምብር ወደሚነግዱ ሽማግሌ ወሰድኳቸው። አንዱን አንሥተው በማጉያ መስተዋት አዩና መልሰው አስቀመጡት።

“ማማ፣ ቆዳቸውን ገፍፈሽ አመጣሽልኝ” አሉ።

“አጸዳኋቸው እንጂ።”

“ሰብሳቢ የሚከፍለው ለጥቁረቱ ነው። ዕድሜያቸው እሱ ነበር።”

“ለቆሻሻው ነው የሚከፍለው?”

“ለቆሻሻው ነው።”

ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለተኛው ትምህርቴ ኢስሊ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው የሸጠልኝ ጠገራ ብር ነው። ቤት ወስጄ ድንጋይ ላይ ጣል ሳደርገው እንደ ጠርሙስ ክዳን የደነዘ ድምፅ ሰጠ፤ እርሳስ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሳልሰማ የገዛሁት የለም። ደስታውም እያደር መጣ። ጠገራ ብር መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ይከብዳል፤ ቶሎ ይሞቃል። በላዩ የተቀረጸችው ንግሥት ጉንጭ በስንት ሰው ጣት እንደተላጠ ይታያል። አንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የነከሰውን አላውቀውም፤ እንዳላመነ ግን አውቃለሁ።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል፤ በቃ። ግን ዳዊት የደገመ ሰው የግእዝ ቁጥር አይጠፋውም፤ አንበሳ በተቀረጸበት በአገራችን አሮጌ ብር፣ በባለ አንበሳው ላይ ያለው ዓመት ደግሞ በግእዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። እዚህ አገር ከሚነግዱት አብዛኞቹ አያነቡትም። የልጅ ልጄም አታነበውም፤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትፈልጋለች። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ እናገራለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ በልጬ ተገኘሁ።

ኢስሊ ውስጥ ከሞያሌ የመጣች፣ ጨርቅና የብር ጌጥ የምትነግድ ሴት አለች። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። አሮጌ ብሮች በፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ብር አንጥረኞች እያቀለጡ ጌጥ ስለሚሠሩባቸው በሚዛን ነው የምትሸጣቸው። ለእሷ ሁሉም እኩል ናቸው። እኔ በርጩማ ይዤ እየቆፈርኩ እመርጣለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጆጉን ስቆፍር ባለ አንበሳ ብር እጄ ገባ። ጥቁር ነው፤ ማንም አልፈተገውም። ዓመቱን አነበብኩ። የዌስትላንድሱ ሽማግሌ፣ ይህን ዓመት ካገኘሽ ለማንም ሳታሳዪ አምጪልኝ ያሉኝ እሱን ነበር። ፊቴን አልለወጥኩም። ብሩን ወደ ጆጉ መልሼ አምስት ተራ ጠገራ ብር አወጣሁ። ተመዘኑ፤ ተከራከርን፤ ተስማማን። ከዚያ እንደ ገበያ ወግ፣

“አንድ መርቂልኝ እንጂ” አልኳት።

“እማማ፣ ወላሂ ዛሬ እርስዎ ገፈፉኝ።”

“ደንበኛሽ አይደለሁም?”

“እሺ፣ አንድ ይውሰዱ። ትልቁን እንዳይወስዱብኝ ግን።”

ባለ አንበሳውን አነሣሁ። እያየችኝ ነበር፤ ሳቀችም። ከመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬው ወጣሁ።

የልጅ ልጄ ማታ ከሥራ ስትመለስ አሳየኋት። ስልኳ ላይ ተመሳሳዩ የት አገር ስንት እንደተሸጠ አገኘች። ከሶፋው ተነሣች።

“ሾሾ፣ ይሄ እኮ ከአያቴ መኪና ይበልጣል። ፍሪ ነው ያገኘሽው?”

“በምርቃት።”

“ዩ አር ኤ ጌንግስተር።”

“ለሴትዮዋ አልነገርኳትም።”

“ለምን ትነግሪያታለሽ? አልዋሸሻትም። ማንበብ የምትችዪው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ነሽ የተማርሽው። ኖውሌጅ እኮ ዋጋ አለው።”

ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማሁት ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የልጅ ልጄ አታውቅም፤ ላቪንግተን የተባባልነውን አልነገርኳትም።

ብሩን አሥራ አንድ ቀን ያዝኩት። በነዚያ ቀናት ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትኩ። ሰውየው ሀብታም ነው፤ እኔ አይደለሁም። እሱ መኪና ነው የወሰደው፤ እኔ ጣት የማያክል ነገር። እሷ ብታቀልጠው ኖሮ ለማንም አይተርፍም ነበር፤ እኔ አዳንኩት። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰውየው ቤት ተቀምጬ የተናገርኩትን ሳስብ፣ ያን ጊዜ ሀብታም ሰርቋል፣ መኪና የወሰደ ሰርቋል አላልኩም። ዝም ብሎ የወሰደ ነው ያልኩት። ለእሱ ያልኩት ለእኔ የማይሠራ ከሆነ ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለቅናት ነበር ማለት ነው። ያን መቀበል ብሩን ከመመለስ ከበደኝ።

ኢስሊ ስደርስ ሴትዮዋ ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። ብሩን ከመቀነቴ ፈትቼ ሳወጣ ፊቷ ጠቆረ።

“እማማ፣ የሸጥኩትን አልመልስም።”

“አልሸጥሽልኝም፤ መርቀሽልኝ ነው።”

“ታዲያ የመረቅሁትን እመልሳለሁ?”

“አዳምጪኝ። ይህ በሚዛን የሚሸጥ አይደለም። ዓመቱ ብርቅ ነው። ሳነሣው አውቄ ነበር።”

ብሩን ተቀብላ ገለበጠችው፤ እኔንም እንደ ብሩ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ጉዱ ምንድን ነው?”

“ምን ጉድ አለው?”

“ሰው ያገኘውን ይመልሳል? ፖሊስ አለበት? የሙት ነው?”

“የማንም አይደለም። የአንቺ ነው።”

ዋጋውን ነገርኳት። አላመነችኝም፤ የጎረቤቱን አንጥረኛ ጠራች፤ እሱም አላመነኝም። ዌስትላንድስ ሽማግሌው ጋ አብሬያት ልሄድ፣ ዓመቱን ላነብላት፣ እሳቸውም እንዳይበሏት ልቆምላት ቃል ገባሁ። ለድካሜም እሷ የፈቀደችውን ትስጠኝ አልኩ። በሚቀጥለው ሰኞ እንሂድ አለችኝ። እንዳታጸጂው፣ እንዳታስነኪው ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኳት። ሰኞ ስደውል ሥራ በዝቶባታል። በሌላው ሰኞም እንደዚያው።

በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል፤ አንጥረኛው ልጇን እየዳረች መሆኗን ነግሮኝ ቤቷን አሳየኝ። ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው በጫማ ተሞልቷል። ስታየኝ እየሳቀች መጥታ እጄን ሳመችና ሙሽራዋ ጋ ወሰደችኝ። ልጅቷ ደረት ላይ የብር ሐብል አለ፤ መሀሉ ላይ ባለ አንበሳው ብር ይወዛወዛል። ተወልውሎ ነጥቷል። በአናቱ ማንጠልጠያ ተበይዶለታል፤ ብየዳው ከአንበሳው ባንዲራ ላይ ጥቂት ሸፍኗል።

ለሰብሳቢ ያ ብር ሞቷል። ከሚዛኑ በቀር ዋጋ የለውም።

ሴትዮዋን ወደ ጎን ሳብ አደረግኋት። “ያልኩሽን ዋጋ ሰምተሽ ነበር?”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ይህን ከማድረግሽ በፊት ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“እማማ፣ እርስዎ አይደሉ ብርቅ ነው ያሉኝ? ብርቅ ነገር ካገኘሁ ለባዕድ ልሽጠው? ሸጬ ጥሬ ገንዘብ ባደርገው ኖሮ እስከዚህ ሰርግ አይደርስም፤ አማቾቼ በልተውት ነበር።” ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “የሙሽራው ወገኖች ወርቅ አምጡልን ሲሉ ይህን አሳየኋቸው፤ ዝም አሉ” አለችኝ።

ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። የማውቀውን ነግሬያት፣ አውቃ የወደደችውን ካደረገች ግን የእኔ ድርሻ እዚያ ያበቃል። የነገርኳት እንደ እኔ እንድትወስን አልነበረም። ሩዝ አቀረቡልኝ፤ ጾም ስለነበር ሥጋውን ትቼ ሌላውን በላሁ። የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ወደ ሱቁ አሁንም እሄዳለሁ፤ ሌላ ጆግ ያለው ሰው አላውቅም። ነገር ግን እንደ ድሮው መቆፈር የለም። ሴትዮዋ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አንዱን ብር ባነሣሁ ቁጥር ከእጄ ላይ ትወስድና ትገለብጠዋለች።

“ይሄስ?” ትለኛለች።

“ይሄ ተራ ነው።”

“ይሄኛውስ?”

“እሱ ትንሽ ይሻላል።”

“በስንት?”

እነግራታለሁ። ዋጋውን እዚያው ትጨምርብኛለች፤ እኔም እከራከራለሁ፤ የቀትር አዛን እስኪሰማ አንድ ብር እንኳ አንገበያይም።