ቱርኩ ያላየው መስጊድ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ለአባቴ ጨርቅ የሚያመጣለት ነጋዴ ከኢስታንቡል ሲመለስ በስጦታ የሰጠው ነው። አንድ የድሮ ቱርካዊ ሠዓሊ የመስጊድ ውስጡን አሳይቶ የሠራው ሥዕል ቅጂ ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰ፣ ሻማው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ኢማም የሚቆምበት ሚህራብ ፊት ደግሞ ቢጫ ቀሚስ ያጠለቀ ሰውዬ የቆመበት። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቱርክ ነው የሠራው» ይላል፣ ሠዓሊው አጎቱ የሆነ ይመስል።

እኔ ያንን ሥዕል እወደውም እጠላውም ነበር። ብርሃኑን ከመስኮቱ አውርዶ ምንጣፉ ላይ እንዴት እንዳሳረፈው ሳይ እውላለሁ፤ እርሳስ መያዝ የጀመርኩትም እሱን ልቀዳ ብዬ ነው። የጠላሁት አባቴ እኔን መምቻ ስላደረገው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥዕል ልማር ስለው ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ፣ እንዲህ የሚሠራው ቱርክ ነው፣ አንቺ ሱቅ ትገቢያለሽ አለኝ። ሱቃችን አየር ጤና ነው። ክፉ ሱቅ አይደለም፤ ግን ዕድሜ ልክ ጨርቅ ስለካ መኖርን ሳስበው ያንቀኝ ነበር።

አንድ ቀን የአባቴ የጥንት ወዳጅ ሊጠይቁን መጡ። ድሮ እዚሁ ኮልፌ ሰፈራችን የኖሩ፣ ኋላ ወደ አስኮ የገቡ ሽማግሌ ሀጂ ናቸው። የአስር ሶላት ደረሰና ተጣጥበው፣ ውዱእ አድርገው ወደ ሳሎን ተመለሱ። ማንንም ሳይጠይቁ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሚህራብ አዩና ፊት ለፊቱ ቆሙ። ቂብላው፣ መካ ያለችበት አቅጣጫ፣ ግን በተቃራኒው፣ በበሩ በኩል ነው። አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ደረቀች። እሳቸው ሶላት ገብተዋል። አንዳችን ትከሻቸውን ይዘን ብናዞራቸው ምን ነበር? ይሉኝታ ያዘን። ሽማግሌው መካን ከጀርባቸው ትተው ወደ አየር ጤና ሰገዱ። ሲያበቁ እናቴ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ስቀው ዞሩና ደገሙት።

ከሄዱ በኋላ እናቴ አባቴን አልማረችውም።

«እንግዳህን ወደ ሱቅህ አሰገድከው» አለችው።

ሥዕሉ ወደ ቂብላው ግድግዳ ይዙር አለች፤ አባቴ ደግሞ በሩ ጎን ቢሰቀል ማን ያየዋል ብሎ እምቢ አለ። እኔ መሀል ገባሁ። የቱርኩ ባለበት ይቆይ፣ በቂብላው በኩል የሚሰቀለውን እኔ ልሥራ፣ የሰፈራችንን መስጊድ አልኩ። አባቴ ሳቀ። ከዚያ እንደ ነጋዴ ተዋዋለኝ፤ ማን እንደሠራው ሳይነገረው የሚያደንቀው እንግዳ ከተገኘ የሥዕል ትምህርት ቤት፣ ካልተገኘ ሱቅ።

እኛ ሴቶች የምንሰግደው ፎቅ ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ የታችኛውን አዳራሽ አጥርቼ አላውቀውም። ኢማሙን ለማስፈቀድ ሄድኩ። ከዙህር ሶላት በኋላ ሰው ሲወጣ ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪ፣ ሰው ግን እንዳትሥዪ አሉኝ። ነገር መተው አልወድምና የሳሎናችንን ሥዕል አንስቼ፣ ቱርኩ እኮ ሰው አስገብቷል አልኳቸው።

«ቱርኩ እኔን አላስፈቀደም» አሉ።

የመጀመሪያውን ሥዕል አበላሸሁት። ዓይኔ የእኛን መስጊድ እያየ እጄ የኢስታንቡሉን ይሠራል። የሌለንን ሰማያዊ ሴራሚክ ለጠፍኩ፣ ቆርቆሮ ጣሪያችንን ጉልላት አደረግኩት። እናቴ አይታው የማን መስጊድ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው። ተናድጄ ቀደድኩትና እንደገና ጀመርኩ።

በሁለተኛው ያለውን ብቻ ሣልኩ። እስከ ደረት ድረስ የተቀባውን አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ አንገቱ የተጣመመውን ቬንትሌተር፣ ከመስኮቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ የምትተኛውን የከሰዓት ፀሐይ። ከዓምዶቹ በአንደኛው ላይ ቀለሙ የሰው ጀርባ በሚያርፍበት ቁመት ተልጦ ሲሚንቶው ይታያል። አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ተደግፎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሰው አትሥዪ ተብያለሁ እንጂ ሰው የተወውን አትሥዪ አልተባልኩም፤ ያንን ዓምድ ከሁሉም በላይ ለፋሁበት። ስጨርስ ጥሩ እንደሆነ አወቅኩ። እንዲህ ብሎ ማውራት ነውር ነው፣ ግን አወቅኩ።

በሩ ጎን ሰቀልነው። እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ፤ ሁሉም ሲገቡ ጀርባቸውን ሰጥተውት ቱርኩን ያደንቃሉ። አባቴ ያየኛል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ሱቅ ስገባ የምይዘውን መቀስ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሀጂ ተመልሰው መጡ። አስር ሲደርስ ሳሎኑ መሀል ቆሙና፣ ዛሬስ አታሞኙኝም፣ ቂብላው ወዴት ነበር እያሉ ዞሩ። ሥዕሉን አዩት። ተጠግተው ዓምዱ ላይ ጣታቸውን ሊያሳርፉ ምንም አልቀራቸውም።

«ይሄን ቀለም የላጠው የእኔ ጀርባ ነው» አሉ። «ከመግሪብ ሶላት እስከ ኢሻ እዚህ ነበር የምቀመጠው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ቱርኩ መቼ መጥቶ አየው?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቱርኩ አልመጣም ሀጂ። ልጄ ናት የሠራችው።»

ሀጂ ማሻአላህ ብለው ፊታቸውን ወደ ቂብላው መልሰው ሰገዱ። እኔ ጓዳ ገብቼ እናቴን አቅፌ ዘለልኩ፤ እሷም ዕድሜዋን ረስታ አብራኝ ዘለለች።

ሀጂን ከሸኘ በኋላ አባቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ቱርኩን በገዛ እጁ አወረደው። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሱቅ እወስደዋለሁ አለ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ሚስማር ልነቅል ስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው» አለኝ። «ተምረሽ ስትመጪ ምን ላይ ልትሰቅዪ ነው?»