በእኔ እጅ የዘነበው ዝናብ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የሁሴን ታንከር ሞልቶ ቆርቆሮዬ ላይ ሲፈስ፣ ዝናብ መጣ ብዬ ጃንጥላ ዘርግቼ ወጣሁ። የሮቤ ሰማይ ጥርት ብሏል። ሁሴን አጥሩን ተደግፎ፣ «አባባ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?» አለኝ። ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ጃንጥላውን ማጠፍ አቃተኝ። ሳላይ ዘነበ ስል የመጀመሪያዬ አይደለማ! ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ሚስቴን እንኳ ሳልነግራት ነው የቀበርኳት።

በጉብዝናዬ ወራት ከጊኒር በታች፣ ቆላ ውስጥ፣ ዝናብ እንድለካ ተቀጥሬ ነበር። በየጠዋቱ መለኪያው ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ መጻፍ፣ ደረቅ ከሆነ ዜሮ ማለት፣ በቃ። ከዚህ የቀለለ እንጀራ የት ይገኛል? እኔን ግን ይህም ከበደኝ። ሙቀቱን ሸሽቼ ሮቤ ቤት ተከራየሁና አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ እል ጀመር። የሌላውን ቀን መዝገብ በመስኮቴ እያየሁ ሞላሁት። ሮቤ ሲዘንብ ቆላውም ዘነበ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፈጣሪን አገዝኩት እያልኩም ለብቻዬ እቀልድ ነበር።

ጣሳው የቆመው አዴ ሞሚና በሚባሉ የቆላው ወይዘሮ ግቢ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ስሄድ ላሞቻቸው አጥር ሥር ወድቀዋል። ከወይብ ወንዝ በአህያ ካስመጡት ውሃ የቀረችውን አንድ ጣሳ ቀድተው ሰጡኝ።

«ጠጣ፣ ብድር ነው። ሲዘንብ ትከፍለኛለህ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ያንተም ጣሳ ደርቋል። ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ምኑን ነገርኩ? የውሃ ቦቴ ለየትኛው ቀበሌ ይሂድ ተብሎ ሲመከር፣ የእኔ መዝገብ ታይቶ እዚያስ ዘንቧል ተባለ። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ከኋላ ተቀምጬ ጫማዬን አየሁ። ቦቴው ሌላ ቦታ ሄደ፤ የአዴ ሞሚና ላሞች አለቁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የወይብ ወንዝ ተፋሰስን ድርቅ የምታጠና ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እንደ እርስዎ አንድም ቀን ሳያጓድል የመዘገበ የለም» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ባሳየችኝ ግራፍ ላይ የሌላው ቆላ ዝናብ ከዓመት ዓመት ቁልቁል ይወርዳል፤ የእኔው ቀበሌ ብቻ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድርቅ ከማያሰጋቸው ቀበሌዎች ተርታ ልታስገባው ነው። እኔስ? ሻይ ጋብዤ ሸኘኋት።

ዛሬ ከጃንጥላው በኋላ ደወልኩላት።

«የእኔን ሰርዢው፣ ልጄ። ውሸት ነው።»

ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ። «ዜሮዎቹንም፣ አባባ?»

«ዜሮዎቹንም። ዜሮ ያልኩት ሮቤ ስላልዘነበ ነው።»

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሙቀቱ ነው አልልም። አዴ ሞሚና ዛሬ ጊኒር፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ሲዘንብ ትከፍለኛለህ ብለውኝ ነበር። እኔ በጻፍኩት ከሆነ፣ በማግሥቱ ዘንቧል። ያቺን አንድ ጣሳ ውሃ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።