የቁልፍ ቀራጩ በር

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ቁልፍ ቀራጭ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ቁልፉ» ይላቸዋል። በር የተዘጋበት ሁሉ ሱቃቸው ይሮጣል፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን የቤታቸውን በር የሚያንኳኳ የለም።

አንድ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የሆነ ነገር ዘጭ አለ። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ባለቤቴ በትከሻው ገንጥሎ ሲገባ ወለሉ ላይ ይንፈራገጣሉ፤ ግንባራቸው ተፈንክቷል።

ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም የዕድሜ ልክ ነው አላቸው። «በር ከውስጥ አይቀርቅሩ፤ ቁልፍም ሰው ዘንድ ያስቀምጡ» ብሎ መከራቸው።

እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በማግስቱ ከበፊቱ የወፈረ መቀርቀሪያ ገጠሙ።

«ጋሼ፣ ቢወድቁስ?» አልኳቸው ልጄን እንደታቀፍኩ።

«እነሳለኋ! ዳግመኛ በሬን ልትገነጥሉ ነው?»

«በር ይጠገናል።»

«እኔስ?» አሉና መቀርቀሪያውን ዳበስ አደረጉ። «የስንቱ ቁልፍ በእጄ አልፏል። የእኔን ያዙልኝ ብዬ ግን ሰው ለምኜ አላውቅም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አጠረ። ሲመሽ ብቻቸውን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ከሟች ሚስታቸው ጋር ይመስለኛል። ከዚያ መቀርቀሪያው ይዘጋል፤ አሁን ቢወድቁ የሚገነጠል በር አይደለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ። አንዲት ባልቴት ቤታቸው ወድቀው፣ የባልቴቷ ልጅ በሩን ክፈቱልን ብላ ጋሼን ወስዳቸው ኖሯል።

«ከውስጥ ‹ድረሱልኝ› ይላሉ፤ እኔ መሰርሰሪያ ይዤ እታገላለሁ። መቀርቀሪያውን የገጠምኩት እኔው ነኝ፤ እንዳይበገር አድርጌ!»

«ተረፉ?»

«ተርፈዋል። ድምፃቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።»

እንደገቡ ከቤታቸው ብሎን የሚፈታ የካቻቢቴ ድምፅ ተሰማኝ። ትንሽ ቆይተው በሬን አንኳኩና አዲስ ቁልፍ ዘረጉልኝ።

«ለልጅሽ ነው። ጥርስ እያበቀለ አይደል? ድዱን ይከክበት።»

«ለድዱስ ይተልቃል፤ እኔው ልያዘው» ብዬ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

እስካሁን አልተጠቀምኩበትም። ግቢም ብለውኝ አያውቁም፤ አሁንም ብቻቸውን ይበላሉ፣ ብቻቸውን ያወራሉ። መቀርቀሪያው የተነቀለበት ቀዳዳ ነፋስ ያስገባል ብለው በወረቀት ወትፈውታል። እኔ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን አንኳኳለሁ።

«አለሁ!» ይላሉ።

ዛሬ መልሱ ዘገየ። ቁልፉን ከሚስማሩ አውርጄ በራቸው ደረስኩ።

«አለሁ አልኩ'ኮ!» አሉ ከውስጥ፣ ተቆጥተው። «ፊቴን እየታጠብኩ ነው!»

ቁልፉን መልሼ ሰቀልኩት።